ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

ወገኖቼ፣ የአምቦና የጉደር፣ የጊንጪና የባኮ ልጆች፣ ልቅሶ መድረስን ማንም አያስተምረንም። የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ገበሬው እርሻውን፣ ነጋዴው ሱቁን ጥሎ ይወጣል። ጎረምሶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ እናቶች ንፍሮ ቀቅለው፣ እንጀራና ወጥ ይዘው ይገባሉ። ባለ ሐዘኑ ስለ ጓዳው እንዳይጨነቅ ጎረቤት ያስብለታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ነገር ግን ሎሚው ሁሉ ተመልሶ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ የሚወድቅበት ቀን አለ። እሱም ድንኳኑ የተነቀለ ዕለት ነው።

ሰልስት ካለፈ እግር ይቀንሳል። የመጣውም ሰው ቢሆን የሟቹን ስም መጥራት ይፈራል፤ «እንዳላስለቅሳት» ብሎ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ አውርቶ ይወጣል። ርኅራኄ ይመስለናል። ልጇን የቀበረችው እናት ግን ሌሊቱን ብቻዋን ስታለቅስ ነው ያደረችው፤ የሚያስፈራት እንባው ሳይሆን ልጇ በሰፈሩ አፍ ዳግመኛ መሞቱ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ ያልተነገረ ሐዘን ቀን ስለቆጠረ ብቻ አይሽርም። እኛ የአምቦ ሰዎች ይህን ከውኃችን እናውቀዋለን። የተናወጠውን ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ቢከፍቱት ገንፍሎ ልብስ ያበላሻል፤ እንደታፈነ ቢተዉትም ግፊቱ አይለቀውም፤ ቀስ እያሉ ሲያስተነፍሱት ግን ረግቶ ይጠጣል።

የእኛ አገር ሐዘን ደግሞ ሁሉም የዕድሜና የደዌ አይደለም። ሚያዝያ 2006 ተቃውሞ ላይ ሳሉ ተማሪዎች የወደቁባት አምቦ፣ በኅዳር 2008 ተቃውሞ ዳግም የተነሣባት ጊንጪ፣ «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚለውን ተረት በልጆቻቸው አይተውታል። «እዬዬም ሲዳላ ነው» እንደሚባለው፣ ደረቱን ሳይመታ፣ ዘመድ ሳይሰበስብ፣ ድምፁን ዋጥ አድርጎ የቀበረ አባት በመካከላችን አለ። በ2012 የወረርሽኙ አዋጅ መሰብሰብን በከለከለ ጊዜም፣ ወጉ ሳይደርሳቸው የተሸኙ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ልቅሶ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ዓመታት ቢያልፉም መከፈል አለበት።

አከፋፈሉ ላይ ግን ማስተዋል ያሻል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ነውና ለሐዘንተኛ «እርሳው» አይባልም። አባቶቻችንም በጉማ ሥርዓት የገዳይንና የሟችን ወገን ሲያስታርቁ እውነቱ ሳይነገር ወደ ዕርቅ አይሄዱም፤ ተድበስብሶ የታረቀ ነገር ነገ እንደሚያገረሽ ያውቃሉ። ስለዚህ የሆነው ይነገር። ነገር ግን የተገደለውን ልጅ አሟሟት ብቻ እየደጋገምን ካወራን፣ ታናናሾቹ የሚወርሱት ቂም ብቻ ይሆናል። ነፍሱን የወሰደው ሰው ታሪኩንም ወሰደው ማለት ነው። ደም ደግሞ በደም አይታጠብም።

የአምቦውን ልጅ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን አስቡት። ሰኔ 22 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ መገደሉን አገር ሁሉ ያውቃል። የተቀበረባት አምቦ ግን ሌላም ታውቃለች፤ ገና በለጋ ዕድሜው ለ5 ዓመታት አምቦ ወህኒ ቤት ታስሮ ዘፈን መድረስ የጀመረው እዚያ ነበር። በአንድ ምሽት ጥይት የሚያልቅ ታሪክ አይደለም። ስሙ የማይታወቅ የየቤታችን ልጅም እንዲሁ ነው፤ የኖረው ዘመን ከሞተባት ሰዓት ይረዝማል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ተዝካር የሚያወጣም የማያወጣም እምነት በመካከላችን አለ፤ ሁሉም እንደ እምነቱ። የሚያወጣው ግን በሬ አርዶ፣ ተበድሮ ደግሶ፣ በሟች ስም የቆመውን ቤት አያናጋ። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁ፣ በሙት ዓመቱ ቡና ይፈላ፤ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ጧፍ የሚያበራ ያብራ፣ የሚጸልይ ይጸልይ። ከዚያ ከአቦል እስከ በረካ እያንዳንዱ የሚያውቀውን አንድ አንድ ነገር ያውጋ፦ ሥራው እንዴት እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ለማን እንደደረሰ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል፤ መልካም ነው፤ ግትርነቱንና ቀልዱን በፍቅር ማንሳት ግን ወቀሳ አይደለም። መልአክ አድርገን ካወራነው ሚስቱ ባሏን፣ ልጁ አባቱን አያገኙትም። ሳቅ ቢመጣም አትፈሩ፤ በሐዘን ቤት የሚመጣ ሳቅ ሟቹን መናቅ አይደለም። ልጆቹንም ወደ ጎረቤት አትስደዷቸው፤ አጠገባችሁ ተቀምጠው ይስሙ፤ አባታቸውን የሚያውቁት በእናንተ አንደበት ነውና። ማውራት ያልቻለ ቢኖር አታስገድዱት፤ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ተራው ሲደርስ ይናገራል።

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» እንላለን፤ ስም ግን ጠሪ ይፈልጋል። እንግዲህ ልቅሶ የደረሳችሁበትን ቤት ቁጠሩ። እግር የተቋረጠበትን ደጅ አንኳኩና «እስቲ ስለ እሱ አጫውቱኝ» በሉ። ለመስማት ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ለመምከር አትቸኩሉ። እግዜር ያጥናችሁ፤ ያጽናናችሁ።