«ሙኡንግዋና» ማን ነው?

በዛንዚባር፣ በላሙና በሞምባሳ የሚኖሩ ስዋሂሊኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን አንድን ሰው ሊያመሰግኑ ሲሹ «ሙኡንግዋና ነው» ይላሉ። ቃሉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ብዙም አይቸገርም፤ «ጨዋ» ብሎ ያልፈዋል። ትክክልም ነው። ሁለቱ ቃላት ግን የሚመሳሰሉት በዛሬ ትርጉማቸው ብቻ አይደለም፤ በትናንት ገመናቸውም ነው።

ሙኡንግዋና ቀድሞ የጠባይ ስም አልነበረም። ባሪያ ያልሆነ፣ ከነጻ ቤተሰብ የተወለደ ማለት ነበር። በዛንዚባር ባርነት እ.ኤ.አ. በ1897፣ በኬንያ ጠረፍ ደግሞ በ1907 በሕግ ሲቀር፣ ነጻ የወጡት ሴቶች የባርነት ምልክት የነበረውን ጥቁር «ካኒኪ» ጥለው ባለ ቀለሙን «ካንጋ» መልበስ ያዙ። ልብስ ከገበያ ይገዛል፤ ሙኡንግዋና የሚለው ስም ግን ከየት ይገዛል? ስዋሂሊዎች ለዚህ ተረት አላቸው፦ «ሙኡንግዋና ኒ ቪቴንዶ»፤ ሙኡንግዋና በሥራው ነው እንደማለት። ተረቱ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። የባሪያውን ልጅ ከፍ ሲያደርግ፣ በአያቱ ስም ብቻ የሚኮራውን ደግሞ ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ በነቀፉት ጊዜ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በውስጣቸው ገና የጃሂሊያ ርዝራዥ እንዳለ ነግረዋቸዋል። ልብ እንበል! አቡ ዘር ቀድመው ከሰለሙት፣ በዙህዳቸውም ከታወቁት ሶሃቦች አንዱ ናቸው። ይህ በሽታ ሰላትና ጾም ባለበት ልብም ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

«የማን ልጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ በራሱ ነውር ነው አልልም። ቤት ልጅን ይቀርጻል፤ ሴት ልጁን የሚድር አባት ስለ አስተዳደግ ቢጠይቅ ይገባዋል። ነገር ግን የምንጠይቀው እውነት ስለ አስተዳደግ ነውን? ወይስ ሰባተኛው አያት ቀጥቃጭ ነበሩ፣ ሸክላ ሠሪ ነበሩ እያልን ነው?

አንድ አባት ለኒካሕ ለተላኩ ሽማግሌዎች እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፦ «ልጁ ይሰግዳል፣ አማናም አይበላም፣ ጠባዩም ያማረ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ጨዋ አይደለም!» ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቡናቸውን ጨርሰው ዱዓ አድርገው ተመለሱ።