የተቆረጠውን ዛፍ ቶሎ አታጠጡት

ንባብ፦ ኢሳይያስ 11፥1፤ ኢዮብ 2፥11-13፤ ኢዮብ 14፥7-10

በዚህ በሰሜን ኬንያና በእኛም በኩል በቦረና ቆላ፣ ድንጋይ መሐል የምትበቅል አንዲት ዛፍ አለች። ግንዷ ከታች እንደ እንስራ ያበጠ ነው፤ ቅጠሏ ረግፎ እንኳ ሮዝ አበባ ታወጣለች። የበረሃ ጽጌረዳ ይሏታል። ጭማቂዋ መርዝ ነው፤ ድሮ አዳኞች ፍላጻቸውን ይቀቡበት ነበር። ልጆቻችሁ እንዳይነካኳት ንገሯቸው፤ ይህን ለስብከት ብዬ አይደለም፣ የምሬን ነው።

ይህችው ዛፍ በከተማ ችግኝ ጣቢያ በጣሳና በሸክላ ትሸጣለች። ብዙ ጊዜ ቀጥ ብላ ትረዝምና ጫፏ ላይ ብቻ ጥቂት አበባ ትይዛለች። ጃፓኖች ደግሞ ቦንሳይ የሚሉት ሙያ አለ፤ ዛፍን በትንሽ ሸክላ አሳድጎ፣ ቁመቷ አንድ ክንድ ሳይሞላ የትልቅ አሮጌ ዛፍ መልክ እንድትይዝ ማድረግ ነው። ይህን የሚፈልግ ሰው ችግኟን ገዝቶ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ይቆርጣታል! ያን ሁሉ ቁመት፣ አበባውንም ጭምር፣ እስከ ጉቶ። ያየ ሰው አበደ እንዴ ይላል። ግን ከተቆረጠው በታች ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። አበባዋ የሚመጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ስለሆነ፣ ጫፉ ሲበዛ አበባውም ይበዛል።

አሁን ኢሳይያስን ክፈቱ። ነቢዩ ስለሚመጣው ንጉሥ ሲናገር ከዳዊት ዙፋን አላለም፤ ከእሴይ ግንድ አለ። ለምን ይመስላችኋል? እሴይ እኮ ንጉሥ አልነበረም፤ በቤተልሔም በግ ያረባ ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱ ተቆርጦ ተቆርጦ እስከዚያ ባላገር ቤት ድረስ ወረደ ማለት ነው። ቡቃያው የወጣው ከዚያ ነው። እሱም ገና ሕፃን ሳለ በሌሊት ታቅፎ ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ የስደተኛ ካርድ እንኳ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ ጥይት ተተኩሶ ሰው ሲሞት ድንበሩን የተሻገርን ብዙ ነን። ሰው የሞተበትን፣ ቤቱን የተወውን ወገን «ጌታ እያጠራህ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ዮሐንስ 15 ላይ ገበሬው አብ ነው፤ የተኮሰው ሰው ገበሬ አይደለም። የቆረጠ ሁሉ አትክልተኛ አይባልም፣ ለማገዶ የሚቆርጥም አለ። ማገዶ ቆራጩ ሸክሙን ይዞ ይሄዳል። አትክልተኛው ግን ጉቶው ጋ ይቀራል። ጌታ የሌላ ሰው ምሳር ከተወው ጉቶም ይጀምራል፤ እኔ የማምነው ይህንን ነው።

የቦንሳይ ሰዎቹ ራሳቸው ተቆርጠው ያውቃሉ። በ1923 እ.ኤ.አ. ቶኪዮን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ከአትክልተኞቹ አንዳንዶቹ ከተማውን ለቀው፣ በ1925 ኦሚያ የሚባል ቦታ የቦንሳይ መንደር መሠረቱ። ያኔ የነበራቸው ደንብ ደስ ይለኛል፦ እዚህ የሚኖር ሁሉ ቢያንስ 10 የሸክላ ዛፍ ይኑረው፣ በሩን ለሰው ክፍት ያድርግ፣ አጥሩም ሕያው ተክል ይሁን። ልክ እንደ እኛ አገር የቅንጭብ አጥር መሆኑ ነው። ጃፓኖች አዛሊያ የሚባለውንም አበባ እንዲሁ እስከ ጉቶ ይቆርጡታል፤ ቅጠል ከሌለው አሮጌ ግንድ ያቆጠቁጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የበረሃ ጽጌረዳ ስትቆረጥ ጀማሪ ሰው አዝኖላት ውኃ ያፈስባታል። ያ ነው የሚገድላት። ቅጠል የላትማ! ውኃውን ወደ ላይ የሚስበው ቅጠል ነው፤ ቅጠል ከሌለ ሥሯ ብዙ አይጠጣም፣ የተረፈው ያበሰብሳታል። ባለሙያ ግን ቁስሏን ውኃ እንዳይነካው ይጠብቃል። ሥሯም ከተቆረጠ ጥቂት ቀን አየር ላይ ትቆያለች፤ ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር ውስጥ አይመልሳትም። ያበጠው ግንዷ ውስጥ ያጠራቀመችው አላት፣ በእሱ ትሰነብታለች። ቅጠል ብቅ ሲል ነው በደንብ የምትጠጣው።

የኢዮብን ወዳጆች ተመልከቱ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ለቀስተኞች ነበሩ! ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና ክርክሩ ከ20 ምዕራፍ በላይ ፈጀ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው (ኢዮብ 42፥7)።

ስለ ተቆረጠ ዛፍ የተናገረው ኢዮብ ራሱ ነው፤ ዛፍስ ተስፋ አለው፣ ሥሩ ቢያረጅ እንኳ የውኃ ሽታ ሲደርሰው ያቆጠቁጣል ይላል። ሽታ! ጀሪካን ሙሉ አላለም። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ግን ሲሞት የት ይገኛል ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ብሎ የጠየቀውን ኢዮብን ጌታ አልጣለውም። ለጥያቄው መልስ የመጣው በባዶው መቃብር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ዘመን አለፈ።

እህቴ፣ ጎረቤትሽ ሸራዋ ውስጥ ዝም ብላ ከተቀመጠች ሄደሽ ሻይ አፍይላት። ጥቅስ አትደርድሪባት። ወንድሜ፣ አንተም ያ ልጅ ለምን መዝሙር አቆመ ብለህ በጉባኤ ፊት አታንሳው። ውኃውን ቅዳለት፣ ወረፋውን ያዝለት፣ ካወራህ ስማው። ከጉቶ ገና ብቅ ያለ ቡቃያ በሳምንቱ አበባ አምጣ አይባልም።

ረቡዕ ማታ ከጸሎት በፊት ኢዮብ 14ን አብረን እናነባለን፤ ማንበብ የማይችል አጠገቡ ያለው ያንብብለት። ስኳር የተረፈው ይዞ ይምጣ።