ካዘኑለት ለምን ያዙት?

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ሸቤን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጎጀብን ይሻገራል። ጎጀብ በጅማና በከፋ መካከል እንደ ድንበር ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ፣ ኋላም ከኦሞ የሚቀላቀል ወንዝ ነው። ከድልድዩ ራቅ ብሎ፣ ወንዙ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ዞር የሚልበትና ውሃው የሚያርፍበት አንድ ቦታ አለ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ እዚያ ቆሜ ክንዴን የሚያህል ቢልጫ አወጣሁ። ዓሣው አፉን እየከፈተና እየዘጋ፣ ቅርፊቱ በጠዋት ፀሐይ እንደ ናስ እያብለጨለጨ በእጄ ላይ ተወራጨ። መንጠቆውን ከከንፈሩ ፈልቅቄ አወጣሁና ጥቂት ካየሁት በኋላ ወደ ውሃው መለስሁት። ጅራቱን አንዴ አወናጭፎ ጠፋ። ደስ አለኝ፤ ለጋስ የሆንሁም መሰለኝ።

ለካ ከኋላዬ ፍየል የሚጠብቅ፣ ዕድሜው ዐሥር ቢሞላ ነው የምለው ልጅ ቆሞ ያየኝ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ለምን ጣሉት?» አለኝ።

«አዝኜለት ነው» አልሁት።

ልጁ መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ በመጨረሻም በእጄ የያዝሁትን ዘንግ አየ።

«ካዘኑለት ለምን ያዙት?»

የምመልስለት ነገር አጣሁ። ሳቅ ብዬ ላልፈው ሞከርሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ፍየሎቹን እየነዳ ሄደ። አበው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ። እኔ በዚያ ማለዳ ያወጣሁት ዘንዶ ይህ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ወደ ውሃው ልመልሰው አልቻልሁም።

ለመሆኑ እኔ ማን ነኝና ወንዝ ዳር ቆሜ ዓሣ አወጣለሁ? ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅም አይደለሁም። ወደ ቦንጋ የወሰደኝ የመንግሥት ሥራ ነው። ቦንጋ ጫካ የከበባት፣ ዝናብ የማይለያት፣ ቡናዋና ማሯ የሚወራላት ከተማ ናት። ይሁንና ለብቻው ለሚኖር ሰው ቅዳሜና እሑድ ይረዝማሉ። አንድ ቀን ከገበያ ናይለን ክርና ሁለት መንጠቆ ገዛሁ። ቀርከሃ በሽ ነው፤ ዘንጉን ከዚያ ቆረጥሁ። ለክብደት የምትሆን ቁራጭ እርሳስ፣ ለተንሳፋፊነት የጠርሙስ ቡሽ፣ ለማባበያ ከጓሮ የተቆፈረ ትል፤ በቃ፣ ዕቃዬ ይኸው ነበር።

ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ጥላዬ ውሃው ላይ ካረፈ ዓሣ እንደማይቀርብ፣ የእግር ኮቴ በመሬት አልፎ ውሃ ውስጥ እንደሚሰማ፣ ዓሣ ፈሳሹ በሚጋልብበት ሳይሆን ከድንጋይ ጀርባ ውሃው በሚያርፍበት እንደሚቆም፣ ዝናብ ወንዙን ካደፈረሰው ደግሞ ቢልጫው ቀርቶ አምባዛ እንደሚወጣ፣ ይህን ሁሉ የተማርሁት ባዶ እጄን በተመለስሁባቸው ቀናት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የያዝሁትን ሁሉ በላሁ። እናቴ «ዓሣን መብላት በብልሃት» የምትለው ለምን እንደሆነ የገባኝም የቢልጫ አጥንት ጉሮሮዬን ሲወጋኝ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ የሱን ዕቃ ሲተውልኝ ነው። እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰብ ዘንግ፣ በጣት ሲያዞሩት የሚንሿሿ ማጠንጠኛ፣ በሳጥን የተደረደሩ ቀለም የተቀቡ የፕላስቲክ ዓሦች ነበሩ። ባስ ስለሚባለው የአሜሪካ ዓሣም አወራኝ። ሰዎች እሱን ለመያዝ ጀልባ እንደሚገዙና እንደሚወዳደሩ፣ መዝነው ፎቶግራፍ ተነሥተው መልሰው እንደሚለቁት ነገረኝ። ይህን ልማድ በባስ ውድድር ውስጥ ያስፋፋው ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ ሰው ነው። የባስ አጥማጆችን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 መሠረተ፤ በ1972 ደግሞ ተወዳዳሪዎች የያዙትን ሳይገድሉ እንዲለቁ የሚያደርግ ደንብ አስገባ። የአክስቴ ልጅ «የሠለጠነ ሰው ዓሣ አይገድልም» ሲለኝ አመንሁት። ከዚያ ወዲህ ትል መቆፈር ትቼ በፕላስቲክ ዓሣ ማጥመድ፣ የያዝሁትንም መልቀቅ ጀመርሁ። የፍየል ጠባቂው ልጅ ያገኘኝ በዚህ የሥልጣኔ ዘመኔ ላይ ነው።

እንግዲህ ራሴን እንደ ተከሳሽ አቁሜ መከላከያዬን ልመርምር።

የመጀመሪያው መከላከያ «ዓሣ ሕመም አይሰማውም» የሚለው ነው። ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። ጄምስ ሮዝ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጽሑፍ፣ ዓሣ እንደ ሰው ያለ የአንጎል ቅርፊት ስለሌለው ሕመምን ሊያውቀው አይችልም ሲል ተከራክሯል። በዓመቱ ግን ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በስኮትላንድ ባደረጉት ጥናት ትራውት በሚባለው ዓሣ ራስ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አገኙ። ከንፈሩ ላይ የሚያቃጥል ነገር የተወጋው ዓሣ ምግቡን ለረጅም ጊዜ መተዉን፣ አንዳንዱም ከንፈሩን ከጠጠርና ከገንዳ ግድግዳ ጋር መፈተጉን አዩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ይሁን እንጂ እኔ የሊቃውንቱን ፍርድ መጠበቅ አለብኝን? ጨለማ ውስጥ የተኛው ሰው ይሁን ጆንያ ያልለየ ሰው፣ ጆንያ ሊሆን ይችላል ብሎ አይረግጥም። ረግጦ ማለፉ ራቱን የሚያስገኝለት ቢሆን እንኳ ጥቂት ያስብ ነበር። እኔ ግን የምረግጠው ለጨዋታ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ «መልቀቅ ዘሩን ያተርፋል» የሚለው ነው። ይህ ከፊተኛው የጠነከረ ነው። በጣና የሆነውን እናስታውስ። በዚያ ሐይቅ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዐሥራ አምስት ያህል የቢልጫ ዓይነቶች አሉ። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ብዙዎቹ የቢልጫ ዓይነቶች በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ስለሚወጡ፣ መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸው ጀመር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የቢልጫዎቹ ቁጥር እጅግ ማሽቆልቆሉን ሐይቁን ያጠኑ ሰዎች መዝግበዋል። ስለዚህ ያልጠገበ እጅ ውሃን ባዶ እንደሚያደርግ አይካድም። ነገር ግን እኔ በሳምንት አንድ ቀን በአንድ መንጠቆ ጎጀብን ባዶ አላደርግም። ለዘሩ የማስብ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው በክረምት፣ ዓሣው ለመራባት በሚወጣበት ጊዜ፣ ከቤቴ አለመውጣት ነው። ይህን ግን አላደርግም ነበር። ክረምት ሲሆን ትልልቆቹ ይገኛሉና ከሁሉ ይልቅ የምጓጓው ለክረምት ነበር። «ለዘሩ» የምለው ደስታዬ ሳይነካብኝ ሲቀር ብቻ ኖሯል።

ሦስተኛው መከላከያ «ቢያንስ ነፍስ አላጠፋሁም» የሚል ነው። ይህንንም ባይ ጊዜ ያን ያህል እርግጠኛ መሆን አልቻልሁም። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ሰውነቱን የሚሸፍነው የሚያሙለጨልጭ ልባስ ይላጥበታል፤ በዚያም በሽታ ይገባበታል። መንጠቆ ከከንፈሩ አልፎ ስንጥቡን ወይም ሆዱን ከወጋው የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ለፎቶግራፍ ከውሃ ውጪ በቆየ ቁጥር ይታፈናል። ጅራቱን አወናጭፎ መሄዱን እንጂ ከድንጋዩ ጀርባ የሚሆነውን አላይም። «ለቀቅሁት» ስል የማላየው ቦታ ላክሁት ማለቴ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሐሳብ ተወጥሬ ሳለሁ ሌላ ነገር አጋጠመኝ። በበጋ፣ ወንዙ ቀንሶ ውሃው እዚህም እዚያም ተቋጥሮ በቀረበት ወራት፣ አንድ ጎልማሳ ሰው የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ኩሬ ውስጥ ሲበትን ደረስሁ። ብርብራ የአገራችን ዛፍ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጪ አይበቅልም። ለቡና ጥላ ስለሚሆን በከፋ የሚያከብረው ብዙ ነው። ፍሬው ግን ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ዓሣ የሳበውን አየር ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ጥቂት ቆይቶ ዓሦቹ እየተንገዳገዱ ወደ ላይ መጡ። ትልቁም ትንሹም፣ ጣት የማያህለው ጫጩትም ጭምር ሆዱን ወደ ሰማይ አዞረ። ሰውየው ትልልቆቹን በቅርጫት ለቀመ፤ የቀሩትን ተዋቸው።

«ትንንሾቹ ያሳዝናሉ» አልሁት፤ ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረ።

ቀና ብሎ አየኝና «ልጆቼም ትንንሽ ናቸው» አለኝ። ከዚያም ዘንጌን እየተመለከተ፣ «እርስዎ ስንት ያዙ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሦስት ይዤ ለቀቅሁ።»

«ምሳዎን ምን በሉ?»

ምሳዬ በሻንጣዬ ነበር፤ እንጀራና የተቀቀለ እንቁላል። ዝም አልሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሁለታችንን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥሁን። ሰውየው ከሚያስፈልገው በላይ ገደለ፤ በቅርጫቱ ለያዘው ምግብ የኩሬውን የነገ ትውልድ ከፈለ። ድርጊቱን ልደግፈው አልችልም። ልጆቹ የከርሞውንም መብላት ይፈልጋሉና ለእነሱም አልበጀም። እኔ ደግሞ ምንም የሚያስፈልገኝ ሳይኖር አሠቃየሁ። የእሱ ጥፋት ከችግሩ ልክ አለፈ እንጂ ችግሩ እውነተኛ ነበር። የእኔ ጥፋት ከምን ልክ አለፈ ይባላል? መነሻ የሚሆን ችግር እንኳ አልነበረኝም። ይህን ስል የብርብራው ሰው ከእኔ ይሻላል ማለቴ አይደለም። እሱን የምወቅስበት ሚዛን እኔንም እንደሚመዝነኝ፣ በሚዛኑም ላይ ቀልዬ እንደተገኘሁ መናገሬ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ በሕግ የመለሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ የዋለው የስዊዘርላንድ የእንስሳት ጥበቃ ደንብ፣ መልሶ ለመልቀቅ አስቦ ዓሣ ማጥመድን ይከለክላል። ልትበላው ከሆነ ያዝ፣ ካልሆነ ተወው እንደማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ሥልጣኔ ያለውን የስዊዘርላንድ ሰዎች ጭካኔ ብለው ጽፈውታል። በእኛም አገር የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ሕግ ግን የልጁን ጥያቄ በእኔ ፈንታ አይመልስልኝም፤ ልጁ የጠየቀው «ይፈቀድልዎታል ወይ?» ብሎ አይደለምና።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ዘንጉን ሰብረህ ለምን አትገላገልም?» ይለኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አስቤበትም ነበር። ነገር ግን ሥጋ ቤት ገብቼ ጥብስ አዝዤ እበላለሁ፤ የበሬውን ዐይን ግን አይቼ አላውቅም። ዓሣው የምበላው ነገር ነፍስ እንደነበረው በእጄ ያሳየኝ ብቸኛው እንስሳ ነው። ይህን ማየት ያለብኝ ይመስለኛል። እየበሉ አለማየት ከማየት የጸዳ ነው ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልሁም።

ስለዚህ ያደረግሁት ይህ ነው። የፕላስቲክ ዓሦቹን ከነሳጥናቸው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥሁ። ወደ ቀርከሃዬና ወደ ትሌ ተመለስሁ። መንጠቆ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በሞረድ አጠፋሁ፤ ዓሣ ብዙ ያመልጠኛል፣ ትንሽ ሲመጣ ግን ሳልቀድደው ይወጣል። እሱንም የምለቀው እጄን አርሼ፣ ከውሃው ሳላወጣ ነው። ለመብል የሚሆነውን ወዲያው በዱላ ራሱን መትቼ እገድላለሁ፤ ስንጥቡ እየተርገበገበ በሣር ላይ አይቆይም። ሁለት ከያዝሁ ክሬን እጠቀልላለሁ። ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛው ሁልጊዜ ከድንጋዩ ጀርባ ያለ ይመስለኛል። በክረምት ከነጭራሹ አልሄድም።

ይህን ሁሉ አድርጌም ንጹሕ ነኝ አልልም። ዓሣው ሲስብ ክሩ በጣቴ ላይ የሚያደርገው ንዝረት አለ፤ ልቤን ዘለል የሚያደርገው እሱ እንጂ ራቱ አይደለም። ደመወዝ አለኝ፤ ሽሮም አለ። ተርቤ አጠምዳለሁ ብል እዋሻለሁ። መብላቴ ደስታዬን አላጠፋውም፤ የሚከፈለውን ዋጋ ግን ከፍዬ እንድወስደው አደረገኝ። አንድን ነፍስ ከጎተትሁ መጎተቴን እስከ መጨረሻው ልቁምበት፤ ልግደለው፣ ልላጠው፣ ልብላው ወይም ለሚበላ ልስጠው። ግማሹን መንገድ ሄዶ «አዘንሁ» ማለት ዓሣውንም ልጁንም ማታለል ነበር።

ባለፈው ኅዳር ልጁን እዚያው ቦታ አገኘሁት። ቁመቱ ጨምሯል፤ ፍየሎቹ አራት ሆነዋል። ደህና የሆነ ቢልጫ ያዝሁና ገድዬ ሰጠሁት። በስንጥቡ በኩል የሣር ገመድ አስገብቶ አንጠለጠለው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ሊሄድ ሲል፣ ያን ጊዜ የጠየቀኝን ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅሁት። አላስታወሰም። ያስታወሰው ዓሣውን ብቻ ነው።

«ትልቅ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን ቤት እናቴ ታማ ነበር።»