ጣውላው ከተመለሰ በኋላ

በእንግሊዝ ከተሞች ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩት ረድፍ ቤቶች የብዙዎቹ ወለል መሬት አይነካም። አግዳሚ እንጨቶች ከግድግዳ ግድግዳ ይዘረጋሉ፣ ጣውላ ይመታባቸዋል፣ ከሥር ጨለማና ባዶ ክፍተት ይቀራል። በግድግዳው እግር ላይ የተሰኩ ባለቀዳዳ ጡቦች ወደዚያ ክፍተት ነፋስ ያስገባሉ፤ ነፋሱም ከአፈሩ የሚነሳውን እርጥበት ይዞ ይወጣል። የድሮዎቹ ግንበኞች ይህን ያደረጉት አውቀው ነው። ችግሩ ያው ነፋስ በብርድ ወራት በጣውላው መጋጠሚያ ሾልኮ የነዋሪውን እግር ማቀዝቀዙ፣ ለማሞቂያ የተከፈለውንም ገንዘብ ይዞ መሄዱ ነው።

መድኃኒቱ ሲያወሩት ቀላል ነው። ጣውላው ይነሳል፣ በአግዳሚዎቹ መካከል መረብ ይወጠራል፣ ከቀለጠ ድንጋይ ወይም ከመስታወት የተፈተለ ሱፍ ይተኛበታል፣ ጣውላው ይመለሳል። ሙቀቱን የሚይዘው በሱፉ ክሮች መሃል ታስሮ የሚቀረው አየር ስለሆነ ሱፉ ረግቦ ከጣውላው ከራቀ ቀዝቃዛው ነፋስ በላዩ እየተመላለሰ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ከዚህ የሚብሰው ሱፉ ባለቀዳዳዎቹን ጡቦች ሲደፍን ነው። እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ እንጨቱ የያዘው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ፈንገስ ይመቸዋል። ከላይ ግን ምንጣፉ ያው ምንጣፍ ነው። ወለሉ መርገብ እስኪጀምር ዓመታት ያልፋሉ፤ እስከዚያ ቤቱ ተሸጦ ሌላ ቤተሰብ ገብቶበት ይሆናል።

ዓይን በማይደርስበት ቦታ ሰው ለምን በደንብ ይሠራል? ጥያቄው ከነዚህ ቤቶች በዕድሜ ብዙ ይበልጣል። በፕላቶ “ሪፐብሊክ” ሁለተኛ ክፍል ግላውኮን ለሶቅራጥስ በተረት ያቀርብለታል። አንድ የልድያ እረኛ የምድር መናወጥ በከፈተው ጉድጓድ ወርዶ ከአስከሬን ጣት ላይ የወርቅ ቀለበት ያወልቃል። ፈርጡን ወደ መዳፉ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ብዙም ሳይቆይ ንግሥቲቱን አባብሎ፣ ንጉሡን ገድሎ፣ ዙፋኑ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቀለበት ለጻድቅም ለኃጥእም ቢሰጥ ሁለቱም አንድ መንገድ ይሄዳሉ ይላል ግላውኮን። (ቀለበቱ ከመሬት በታች መገኘቱ አናጺዎችን ሳያስቅ አይቀርም።)

ሀበሻ ለዚህ መልስ አያጣም፤ እግዜር ያያል። ለግላውኮን በቂ መልስ ነው። ይሁን እንጂ ከወለል ሥር የሚደርሰው ጥፋት ሁሉ የአታላይ ሥራ አይደለም። አባወራው ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ብሎ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ጉልበቱ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። እግዜር ቢያየው ፍቅርን እንጂ ተንኮልን አያገኝበትም። እንጨቱ ግን ይበሰብሳል። እዚህ ላይ የእረኛው ቀለበት አይረዳም፤ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በቅንነት የተሳሳተ ሰው በደለኛ ይባላል ወይ?

የለንደኑ የሒሳብ ሊቅ ዊሊያም ክሊፈርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ድርሰት ይባላል ብሎ ተከራክሯል። ምሳሌው ባለመርከብ ነው። መርከቧ አርጅታለች፣ ስደተኞችን ጭና ልትነሳ ነው። ባለቤቱን ጥርጣሬ ያስጨንቀዋል፤ ማስፈተሽና ማሳደስ ግን ወጪ አለው። ስንቱን ማዕበል ያለፈች መርከብ ናት፣ አምላክም እነዚህን ምስኪኖች አይጥላቸውም እያለ ሐሳቡን ቀስ በቀስ ያስተኛዋል። በመጨረሻ ከልቡ አምኖ ይሸኛታል። መርከቧ ከነሰዎቹ ትሰጥማለች፤ እሱ የኢንሹራንስ ገንዘቡን ይቀበላል። ክሊፈርድ ለሰውየው አይራራለትም። እምነቱ እውነተኛ ነበር፤ ያገኘው ግን መርምሮ ሳይሆን ጥርጣሬውን አፍኖ ነው። መርከቧ በሰላም ብትደርስ ኖሮም በደሉ በበደልነቱ ይቆይ ነበር። ክሊፈርድ የመርከብ አደጋን የሚያውቀው በወሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1870 የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ሲጓዝ ሲሲሊ አጠገብ መርከብ ተሰብሮበት ተርፏል። ድርሰቱ በወጣበት ዘመን ደግሞ ለንደን እነዚያኑ ረድፍ ቤቶች በየሰፈሩ እየሠራች ነበር።

ክሊፈርድ ሃይማኖቱን የተወ ሰው ነው። ነገሩ ግን ኦሪትን ለሚያነብ ሰው እንግዳ አይሆንም። ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ከዚያ ሰው ቢወድቅ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ ይሆናል። ባለቤቱ ክፉ አስቦ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ይበልጥ ይቀርባል። በግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ሲታይ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ለካህኑ ይናገራል። ካህኑ አይቶ ቤቱን 7 ቀን ይዘጋዋል፣ ተመልሶም ያያል። ደዌው ሰፍቶ ከሆነ የታመሙት ድንጋዮች ይነቀላሉ፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ በሌላ ድንጋይና ምርጊት ይተካል። አሁንም ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። የማንጻት ሥርዓቱ የሚፈጸመው ቤቱ መዳኑ በዓይን ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያስቀመጠ ሕግ በቅን ልብ ብቻ የሚረካ አይመስልም።

እዚህ ድረስ ክርክሩ ለክሊፈርድ ያደላል። የዛሬ ቤት ሠሪ ግን ራሱ መርምሮ የሚደርስበት ጥቂት ነው፤ የቀረውን ከባለሙያ አፍና በዕቃው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ይወስዳል። የለንደኑ የመኖሪያ ሕንፃ ግሬንፌል ታወር የውጭ ግድግዳው እ.ኤ.አ. በ2016 በተጠናቀቀ እድሳት ተለበጠ፤ አንዱ ዓላማ ለነዋሪው ሙቀት መስጠት ነበር። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት ሕንፃው ተቀጣጥሎ 72 ሰው ሞተ፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰቦችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የወጣው፣ አደጋውን የመረመረው ጉባኤ የመጨረሻ ሪፖርት ልባጡንና ሙቀት ጠባቂውን የሠሩና የሸጡ ኩባንያዎች ሆን ብለው ገበያውን ማሳሳታቸውን ዘረዘረ። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የብሪታንያ የኦዲት መሥሪያ ቤት በመንግሥት ፕሮግራሞች የውጭ ግድግዳቸው ከተለበጠላቸው ቤቶች 98 በመቶው ካልተስተካከለ ሻጋታና እርጥበት የሚያመጣ ጉድለት እንዳለባቸው አስታወቀ። ወረቀቱን ያመነ ነዋሪ በነዚህ ሁሉ መካከል ባለመርከቡ ሳይሆን ተሳፋሪው ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ለክሊፈርድ መልስ ሰጥቷል። ማስረጃ እስኪሞላ መጠበቅ ራሱ ውሳኔ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ በልብ ማመን ይፈቀዳል ይላል። ለአምላክም ለፍቅርም ያስኬድ ይሆናል። የተነሳ ጣውላ ግን ማንንም አያስቸኩልም። የእንጨቱን እርጥበት በትንሽ መለኪያ ማየት፣ ነፋሱ ከአንዱ ጡብ ወደ ሌላው እንደሚያልፍ ማረጋገጥ፣ ከሱፉ በታች የሚቀረው የውሃ ቧንቧ በውርጭ እንዳይፈነዳ መጠቅለል ሁሉ የምሁር ሥራ አይደለም። ቤቱ ለጥቂት ቀናት ይበርዳል፣ የቤት ሰውም ያጉረመርማል። ጣውላው ከመመለሱ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ክፍተት በስልክ ፎቶ አንስቶ ከቤቱ ሰነድ ጋር ማስቀመጥ ይቻላል፤ ነገ የሚገዛው ሰው የሻጩን ቃል ብቻ ይዞ እንዳይቀር።