ስማችን የማን ነው?

«እኔ ደግሞ ምን የምደብቀው አለኝ?»

ደብረ ታቦር ላይ ስለ ቴሌግራም ፓስወርድ ካወራችሁ ይህ መልስ አይቀርም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ «ዲቫይስስ» የሚለውን እየው፣ የማታውቀው ስልክ ካለ አስወጣው ስትሉት፣ ሰውየው በንጹሕ ኅሊና ይስቅባችኋል። ምስጢር የሌለው ሰው በሩን ምን ያዘጋዋል? ነገሩ ደግ ይመስላል። እኔ ግን ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል፤ አካውንት የሚጠልፍ ሌባ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ምስጢር ምኑም አይደለም። የሚፈልገው ስም ነው።

እንበል አንዲት የእብናት ልጅ ደብረ ታቦር ትማራለች። ከምታውቀው ሰው አካውንት «ውድድር ላይ ነኝ፣ ምረጪኝ» የሚል መልእክት ይመጣላታል፤ ቀጥሎም «የደረሰሽን አምስት ቁጥር ላኪልኝ» ይላታል። ላከች። ሌባው ገብቶ ፎቶዎቿን አያይም፣ ከጓደኛዋ ጋር ያወራችውንም አያነብም። በቀጥታ ወደ አክስቷ ይሄዳል፦ «አክስቴ፣ አሞኝ ሐኪም ቤት ነኝ። በዚህ ቁጥር በቴሌብር 2 ሺህ ብር ላኪልኝ።» አክስት የገብስ መሸጫዋን ትልካለች።

የሚደበቅ ነገር የሌላት ልጅ ምንም አልጠፋባትም። የጠፋው የአክስቷ ብር ነው። አክስት ደግሞ ብሩን የላከችው ቴሌግራምን አምና አይደለም። ልጅቷን ከአራስነቷ ጀምሮ ስለምታውቃት፣ ስታማትና ስትመክራት፣ ስንቅ ስትቋጥርላት ስለኖረች ነው። ሌባው የተጠቀመበት ያንን ነው።

ስለዚህ ኮዱን ለሰው መስጠት የቸርነት ጉዳይ አይመስለኝም። ጋቢዬን ለፈለግሁት ብሰጥ የራሴ ነው። እጄ ላይ ያለን የዕቁብ ገንዘብ ግን «እኔ ሰው አምናለሁ» ብዬ ለመንገደኛ ባስይዝ፣ ደግ ሳይሆን አደራ በላ ነው የምባለው። በስሜ ላይ ያለው እምነት ሌሎች ያስቀመጡት ነው።

ደብረ ታቦር በሰው ስም መሥራትን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከተማዋን የመሠረቱት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ በስም ተቀምጦ፣ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር ባሉት ራሶች እጅ ነበር፤ ደጃዝማች ካሣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን እስኪያሸንፉ ድረስ። ዙፋን ላይ ያለው አንድ፣ አዛዡ ሌላ። ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ያኔ ከንጉሡ ስም ጀርባ ማን እንዳለ አገር ያውቅ ነበር። አክስታችን ግን አታውቅም። የእኛው የባሰ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ያለው ከዘመድ ጋር ነው። ወንድምሽ ላፕቶፕ ላይ የተከፈተውን አካውንትሽን ስታስወጪ «ምነው፣ ሌባ አደረግሽኝ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያማል። እኛ አገር ስልክ መዋዋስ ከቡና ጠጡ አይለይም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ መግባትንም ወንጀል ያደርጋል፤ ግን በወንድም ላይ አዋጅ የሚጠቅስ ማን ነው? ለእሱ የምሰጠው መልስ ሌላ ነው፦ አንተን አምንሃለሁ፣ ላፕቶፕህን ነገ ማን እንደሚይዘው ግን አንተም አታውቅም።

የሞባይል ቤት ልጆች ላይ ግን እጨክናለሁ። ከፋርታ ገጠር ለገበያ የወጣ ገበሬ አካውንት እንዲከፍቱለት ስልኩን ያስይዛቸዋል። ከፍተው ሲያበቁ አካውንቱ በሱቁ ኮምፒዩተር ላይም እንደተከፈተ የሚተው አሉ። «ምንም አልነካሁበትም» ይላሉ። የጎረቤትን ቤት ቁልፍ አስቀርጾ ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር፣ ባይገቡበትም፣ ጤና ነው? ባለቤቱ እንኳ መኖሩን አያውቅም።

መስጠት ግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ኢሜይሉን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቢከፍትለት ማን ይፈርዳል? ማንበብ የማይችሉ እናትም ያለ ልጃቸው እጅ አይሆንላቸውም። እዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ማን እንደያዘው ባለቤቱ ይወቅ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ይውጣ።

መውጣቱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ የቆዩትን ማባረር የሚችለው 24 ሰዓት ከሞላው በኋላ ነው። ሌባው ትናንት ማታ ከገባ እስከ ዛሬ ማታ በሩ በእናንተ እጅ ነው። የማታውቁትን ስልክ አስወጡ፣ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩና ፓስወርድ አድርጉ፤ ያኔ ኮዱ ብቻውን አያስገባም። ከዚያ በፊት ግን ለአክስት ደውሉ። በቴሌግራም አይደለም፣ በድምፅ።