ብቻውን የሚታገለው ወንድማችን

ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚታገል ክርስቲያን፣ ጸሎትና ምሥጢረ ንስሐ እያሉለት፣ እንደ እርሱ የተፈተኑ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ጉባኤ መሄዱ የእምነት ጉድለት ይሆንን?

እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖት ሳለ፣ በአክረን ከተማ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ብርቱ ፈተና ገጠመው። ወደ መጠጥ ቤቱ በመግባት ፈንታ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስልክ ደወለ፤ የፈለገውም መካሪ ሳይሆን፣ እንደ እርሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሰው ነበር። በዚህም ሐኪሙን ቦብ ስሚዝን አገኘ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ከሁለቱ ጭውውት ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ ሲስተር ኢግናሲያ ከሐኪሙ ጋር ሆነው በካቶሊካዊው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል እነዚህን ሕሙማን መቀበል ጀመሩ።

ዊልሰን ሌላውን ሊረዳ ሲነሣ ራሱ ተረዳ። ስለዚህ ወደ ጉባኤው የሚሄድ ሰው ተረጂ ብቻ አይደለም፤ መገኘቱ ራሱ ለጎረቤቱ ብርታት ነው። ንስሐ ኃጢአትን ታስተሰርያለች፤ የእግዚአብሔር ጸጋ ግን ዕለት ዕለት በወንድም እጅም ይደርሰናል።

ማኅበሩ ክፍያ አይጠይቅም፤ ለአባልነት መጠጥ የመተው ፍላጎት ይበቃል። ሆኖም የመጀመሪያው ቀን ደጃፍ ይከብዳል። እንግዲህ ጉባኤ ባለበት ቀኑንና ቦታውን ጠይቀን እንወቅ፤ ከወደደ እስከ በሩ እንሸኘው፤ ያየነውን የቡና ወሬ አናድርገው፤ በድግሳችንም «ካልጠጣህ» ብለን አናስጨንቀው። ጉባኤ በሌለበትስ? ያም በሁለት ሰዎች እንደ ተጀመረ አንርሳ።