አድማው የማን ነው?

ከሐረር ወደ ሶፊ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኦቾሎኒ ሊነቅል የመጣ የቀን ሠራተኛ የዕለቱን ዋጋ ሦስት ባለማሳዎችን ሲጠይቅ ሰማሁ። ሦስቱም በአንድ ብር እንኳ ሳይለያዩ መለሱለት። አራተኛ ሳይጠይቅ ተከተላቸው።

«ገበያ ነው» እንል ይሆናል። የገበያ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ ግን በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ አሠሪዎች ደመወዝ ከፍ እንዳይል ሁልጊዜም በየትም ቦታ ውስጥ ለውስጥ ይስማማሉ፤ ስምምነታቸው የማይወራው ስለተለመደ ብቻ ነው ይላል።

መመካከር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ባለማሳውም ዝናቡና ነጋዴው የሚያስጨንቁት ሰው ነው። ኃጢአቱ ለአንዱ የተፈቀደውን ለሌላው መንፈጉ ላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የእርሻ ሠራተኞችም እንዲደራጁ መብት ሰጥቷል፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ማሳ የሚውል ሰው ግን ከማን ጋር ይደራጅ?

በባለማሳዎቹ ልፈርድ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቤት ሠራተኛ ስቀጥር ጎረቤቶቼን «ስንት ትከፍላላችሁ?» ብዬ ነበር። «ገበያ እንዳታበላሽብን» አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ልጅቷ በዚያ ምክር ላይ አልነበረችም። እሷና ጓደኞቿ እንዲሁ ቢመካከሩ ኖሮ ግን፣ «አድማ» ለማለት ከሁሉ የምቀድመው እኔ ነበርኩ።